አንድሩ ባልፎር በካርቱም

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የምትገኘው ካርቱም በ1902 ከፍርስራሽ ተነሥታ እንደገና በመሠራት ላይ ነበረች። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የተዋጓቸው የደርቡሾች መንግሥት በ1898 በኦምዱርማን አጠገብ ድል ከተመታ በኋላ፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ወድቃ ነበር። አዲሶቹ ገዥዎች በካርቱም ሰፋፊ ጎዳናዎችን ቀየሱ፤ የመንግሥት ሕንፃዎችን አቆሙ፤ ኮሌጅም ከፈቱ። ይሁን እንጂ ሹሙንም ድኻውንም፣ ወታደሩንም ነጋዴውንም ሳይለይ አልጋ ላይ የሚጥል አንድ ጠላት ነበረባቸው፤ እርሱም ትኩሳት ነው። ይህን ጠላት ለመመርመርና ለመከላከል በዚያው ዓመት ወደ ካርቱም የመጣው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሐኪም አንድሩ ባልፎር ይባላል።

ባልፎር ማርች 21 ቀን 1873 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበርና እርሱም የአባቱን ሙያ መርጦ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ በ1894ም ተመረቀ። በወጣትነቱ ግን ስሙ የሚነሣው በሕክምና ብቻ አልነበረም። በራግቢ ጨዋታ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ተጫውቷል፤ የጀብድ ልብ ወለዶችንም ጽፎ አሳትሟል። እንዲህ ያለ ሰው በማጉያ መነጽር ላይ አጎንብሶ ዕድሜውን ያሳልፋል ብሎ የሚገምት ብዙ አይገኝም። ከ1900 እስከ 1901 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቦየር ጦርነት በሐኪምነት አገለገለ። በዚያ ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ጥይት ከገደለው ይልቅ የአንጀት ተስቦና ሌላው በሽታ የፈጀው ወታደር ይበልጥ ነበር።

በአሜሪካ ተወልዶ በለንደን በመድኃኒት ንግድ የበለጸገው ሄንሪ ዌልካም፣ በካርቱም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የምርምር ላቦራቶሪ እንዲቋቋም መሣሪያዎችን በስጦታ ሰጥቶ ነበር። ባልፎር የዚህ ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። ጥቂት ቆይቶም የከተማይቱ የጤና ጥበቃ ኃላፊነት ተጨመረለት። በዚህ ምክንያት በላቦራቶሪው ውስጥ ያገኘውን ነገር ወዲያውኑ በከተማይቱ ጓዳና ጎዳና ላይ በሥራ ለመፈተን ቻለ። ይህ ዕድል ለብዙ ተመራማሪዎች አይገጥምም።

በዚያን ዘመን የሞቃት አገር ሐኪሞችን እጅግ ከሚያስፈሩት በሽታዎች አንዱ ቢጫ ወባ ነበር። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከተራው ወባ ጋር ዝምድና የለውም። ተራውን ወባ የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ቢጫ ወባን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ዛሬም ደም ከሚያፈሱት የቫይረስ ትኩሳቶች ወገን ይመደባል። በሽታው የያዘው ሰው በመጀመሪያ ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ይሰማዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ጋብ ይላል፤ ብዙዎችም በዚሁ ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከድዳቸውና ከአፍንጫቸው ደም ይፈሳል፤ ጥቁር ደም ያስታውካቸዋል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በሽታውን ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት ያን ጊዜ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም።

የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆንዋን በ1881 ቢናገርም፣ ለሃያ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም ነበር። በ1900 ግን ዋልተር ሪድ የሚመራው የአሜሪካ ሐኪሞች ቡድን የፊንላይን አሳብ በሙከራ አረጋገጠ። ወዲያውም የሃቫና ከተማ ትንኝ የሚራባበትን ውሃ ሁሉ በማጥፋት ከቢጫ ወባ ነጻ ወጣች። ባልፎር ካርቱም የደረሰው ይህ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ባልፎር በካርቱም በነበረበት ዘመን በከተማይቱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ከተማይቱን ሲመረምር፣ ወባን ከምታስተላልፈው ትንኝ ጋር ቢጫ ወባን የምታስተላልፈውም ትንኝ በየቤቱ እንደምትራባ ተረዳ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም፤ ሰው ለመጠጥ በጋን ያጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። አንድ ቀን ቫይረሱን በደሙ የያዘ መንገደኛ ከመርከብ ቢወርድ፣ ካርቱም እሳት እንደሚጠብቅ ደረቅ ሣር ነበረች። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ሐኪም ሊሠራ የሚችለው ሕመምተኛውን በአጎበር ውስጥ አስተኝቶ ትንኝ እንዳትነድፈው መከልከል፣ ከዚያም ማስታመም ነው። ባልፎር ግን ሣሩን አስቀድሞ ማንሣት መረጠ።

ትንኝ በሞቃት አገር ከዕንቁላልነት ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ዐሥር ቀን ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ማንኛውም የተጠራቀመ ውሃ በየሳምንቱ ከተጎበኘ፣ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይጠፋል ማለት ነው። ሥራው እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ፣ ከግቢ ወደ ግቢ፣ ከጋን ወደ ጋን እየተዘዋወሩ፣ በፀሐይ ንዳድ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ ዓመት እስከ ዓመት መሥራት ማለት ነበር። በአንድ ጉድጓድ ላይ የታየ ቸልተኝነት የብዙ ሰው ድካም ከንቱ ያስቀራል። ለዚህ የተመደቡት ሠራተኞች ውሃውን እየቀዱ እጭ መኖር አለመኖሩን ይመለከታሉ፤ ሊደፋ የሚችለውን ይደፋሉ፤ ሊደፋ በማይችለው ላይ ላምባ ያፈሳሉ። እጭ ለመተንፈስ ወደ ውሃው ገጽ መውጣት አለበትና ላምባው ገጹን ሲሸፍነው ታፍኖ ይሞታል። የሥራው ሸክም የወደቀው በእነዚህ ሠራተኞች ላይ ነው፤ ዛሬ ግን የባልፎር ስም እንጂ የእነርሱ ስም አይነሣም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ አንድ የማይገባ ነገር ተከሠተ። ከተማይቱ ጸዳች በተባለ ጊዜ ትንኝ እንደገና ታየች። ባልፎር ምክንያቱን ሲፈልግ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ከደቡብ፣ ከነጭ ዓባይ ረግረጎች የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦችና ጀልባዎች ሲመረመሩ፣ በሆዳቸው የተጠራቀመው ውሃ ውስጥ እጭ ተገኘ። ለካስ መርከቦቹ ጭነትና መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ትንኝም ያመላልሱ ኖሯል! ከዚያ በኋላ መርከቦች ካርቱም ሲደርሱ እንዲመረመሩ ተደረገ። በከተማይቱ ይታይ የነበረው የወባ ሕመምም እጅግ ቀነሰ። በእርግጥ ገዥዎቹ ለጤና ጥበቃ እንዲህ የተጉት በመጀመሪያ ለወታደሮቻቸውና ለሹሞቻቸው ደኅንነት ሲሉ ነበር። ነገር ግን ትንኝ የሹምን ቤት ከድኻ ቤት ለይታ ስለማትገባ፣ የሁሉን ጓዳ ሳያጸዱ የራስን ማዳን አልተቻለም።

በ1907 ባልፎር በወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ላቦራቶሪ አሠራ። ይህ በእንፋሎት መርከብ የሚጎተት ጀልባ ተመራማሪዎችን ይዞ ወደ ደቡብ ሱዳን ዘለቀ። ስሙም ኩሌክስ ተባለ፤ ኩሌክስ የአንድ ትንኝ ወገን የሳይንስ ስም ነው። ትንኝን ሲያሳድድ የኖረ ሰው ጀልባውን በትንኝ ስም መጥራቱ ቀልድ ከመውደዱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በ1908 ቃጠሎ ተነሥቶ በካርቱም ላቦራቶሪ ላይ ከባድ ጉዳት ቢያደርስም ሥራው አልተቋረጠም።

ባልፎር በ1913 ካርቱምን ለቅቆ ዌልካም በለንደን ያቋቋመውን የምርምር ቢሮ መምራት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ወደ ደቡብ አሜሪካና ወደ ካሪብ ባሕር ደሴቶች ተጓዘ። በትሪኒዳድ ደሴት ሳለ ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንድ እንግዳ ነገር ሰማ። ቢጫ ወባ በሰው ላይ ከመነሣቱ በፊት፣ በጫካ የሚኖሩት ቀያይ ጯሂ ጦጣዎች ከየዛፉ እየወደቁ እንደሚሞቱ ነገሩት። ሌላ ሐኪም ቢሆን ይህን እንደ ተረት ቆጥሮ ባለፈው ነበር። ባልፎር ግን የሽማግሌዎቹን ቃል አልናቀም። በሽታው ከከተማ ሲጠፋ የሚሸሸግበት የዱር እንስሳ ይኖር ይሆናል በማለት፣ ጦጣዎች የቢጫ ወባ ማደሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ በ1914 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ የጉድጓድና የጋን ዘመቻ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነበር። ባልፎር ያለፉትን ዐሥር ዓመታት የደከመበትን ሥራ ወሰን የሚያሳይ አሳብ ራሱ ማቅረቡ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ጦር ሠራዊት የሕክምና አገልግሎት ገባ። ከጦርነቱ በኋላ በ1923 የለንደን የንጽሕና አጠባበቅና የሞቃት አገር ሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። በሕንፃው ሰገነቶች ላይ በወርቅ ቅብ የተሠሩ የትንኝ፣ የቁንጫ፣ የአይጥና የሌሎችም በሽታ አስተላላፊዎች ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። ባልፎር ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ ብዙ አልሠራም። ሥራ አብዝቶ ጤናውን ስለጎዳው ታምሞ፣ ጃኑዋሪ 30 ቀን 1931 በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ በብራዚል በጫካ አካባቢ በሚኖሩ ገበሬዎች ላይ የቤት ትንኝ በሌለበት ሥፍራ ቢጫ ወባ ተገኘ። ቀጥሎ በተደረጉት ምርመራዎች በሽታው በዛፍ ላይ ትንኞችና በጦጣዎች መካከል እየተዘዋወረ እንደሚኖር ታወቀ። ማክስ ታይለር ክትባቱን ያገኘው በ1937 ነው። በ1940 በሱዳን በኑባ ተራሮች ታላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከ15,000 በላይ ሰዎች መታመማቸውና ከ1,500 በላይ መሞታቸው ተመዘገበ። በሽታው የተነሣው ባልፎር ሲጠብቀው በኖረው የካርቱም ወደብ ሳይሆን በሩቅ ተራራ መንደሮች ነበር።

ከ1960 እስከ 1962 ደግሞ በኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በአካባቢው 100,000 ያህል ሰዎች በቢጫ ወባ ታመው 30,000 ያህል መሞታቸው ተገምቷል። ተመራማሪዎች ወደዚያ ሄደው የጉሬዛዎችን ደም ሲመረምሩ፣ ቫይረሱ በእነርሱም ላይ እንዳለፈ የሚያሳይ ምልክት አገኙ። በሽታውን ወደ ሰው ያሸጋገረችው ትንኝም በጋን ውስጥ የምትራባ አልነበረችም። ከየጎጆው ጀርባ በተተከለው እንሰት፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ጎድጓዳ ሥፍራ፣ ከዝናብ በኋላ በሚቀረው ጥቂት ውሃ ውስጥ ነበር የምትራባው።