ዶክተር ጌርቲ ኮሪና የደመወዝ ዝርዝሩ

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ የሰው ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ደመወዙ ላይ ነው። የዶክተር ጌርቲ ኮሪን ሕይወትም የያዝኩት በዚሁ በኩል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌርቲ በ1896 ፕራግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1920 እዚያው ባለው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው የትምህርት ጓደኛቸውን ካርል ኮሪን አገቡ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነበር። ቪየና በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ በምግብ እጥረት ዓይናቸውን እስከ መታመም ደረሱ። በአይሁዶች ላይ የነበረው ጥላቻም ስላሰጋቸው ባልና ሚስቱ ከአውሮፓ ለመውጣት ቆረጡ።

በሩ የተከፈተው በሥራ ነው። ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ያለ የካንሰር ምርምር ተቋም ካርልን ቀጠራቸው። በ1922 እሳቸው ቀድመው ሄዱ፤ ጌርቲ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ተቋም ሥራ አግኝተው ተከተሉ። አሜሪካ በ1921 ባወጣችው ሕግ ከየአገሩ የሚገባውን ሰው በኮታ ገድባ ነበር። ኮታው ቢሞላም መግባት ይችላሉ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ግን የኮሌጅ መምህራን፣ በታወቀ የምሁር ሙያ ያሉ ሰዎች፣ ነርሶችና የቤት ሠራተኞች ይገኙበታል። ምሁሩና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መጻፋቸው እኔን ቆም አድርጎኛል።

መግባት አንድ ነገር ነው፤ መሥራት ሌላ። የቡፋሎው ኃላፊ ጌርቲ ከባላቸው ጋር መመራመር ካላቆሙ እንደሚያባርሯቸው አስፈራሩ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካርልን ለመቅጠር ፈልጎ፣ ከሚስት ጋር መሥራት የአሜሪካ ወግ አይደለምና የባልሽን እንጀራ ትዘጊያለሽ የሚል ምክር ለጌርቲ ለገሰ። ካርል ሥራውን አልተቀበሉም። ሁለቱ አብረው ቀጠሉ፤ በ1928 ዜግነት አገኙ።

ምርምራቸው ለእኔ ቢጤ የሚገባ ነው። አይጦችን ስኳር አብልተው የገባው ስኳር የት የት እንደደረሰ ለክተው ሒሳቡን ያስታርቁ ነበር። በ1929 ያሳወቁት ውጤት ዛሬ የኮሪ ዑደት ይባላል፦ ጡንቻ ሲሠራ ከስኳር የሚወጣው ላክቲክ አሲድ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበት መልሶ ስኳር ያደርገዋል፤ ስኳሩም ወደ ጡንቻ ይመለሳል። ወጪ የመሰለው ገቢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በ1931 ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ካርል የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ጌርቲ ግን ያው ዲግሪ፣ ያው ቤተ ሙከራ፣ ያው የምርምር ጽሑፍ ይዘው የተቀጠሩት በምርምር ረዳትነት፣ ከባላቸው ደመወዝ ጥቂቷን እያገኙ ነው። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1947 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ልዩነቱን በየወሩ ደምሬ ለማየት እጄን በልቶኝ ነበር። በመሃል፣ በ1936፣ ወንድ ልጅ ወልደዋል፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም።

በዚያው 1947 ከካርልና ከአርጀንቲናው በርናርዶ ሁሳይ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ በሕክምናው ዘርፍ ከሴቶች የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ደስታው ሳይመጣ ሕመሙ ቀደመ። ለሽልማቱ ወደ ስቶክሆልም ከመሄዳቸው በፊት መቅኔያቸው ደም መሥራት እያቆመ መሆኑን ሐኪሞች ነገሯቸው። ደም እየተሰጣቸው አሥር ዓመት ሠሩ። ስኳር በጉበታቸው እየተከማቸ የሚታመሙ ሕፃናት የሚጎድላቸው ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ የለዩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ድካም ሲጸናባቸው ቢሯቸው ባስገቡት ትንሽ አልጋ ጋደም ይሉና ተነስተው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 1957 በቤታቸው አረፉ።