ኢብን አል-ሀይሰም

ሀሰን ኢብን አል-ሀይሰም (እ.ኤ.አ. 965 ገደማ – 1040 ገደማ) በዛሬዋ ኢራቅ በባስራ ከተማ የተወለደ የሒሳብና የብርሃን ጥናት ሊቅ ነበር። በአውሮፓ አልሐዘን በሚል ስም ይታወቃል።

ከእርሱ በኋላ የተነሱ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የአባይን ጎርፍ መቆጣጠር እንደሚችል ስለተናገረ የግብጹ ከሊፋ አል-ሐኪም አስጠራው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ግን ሥራው እንደማይቻል ተረዳ። የከሊፋውን ቁጣ ፈርቶ እንደ እብድ በመሆን፣ አል-ሐኪም እስከጠፋበት እስከ 1021 ድረስ በቤቱ ተዘግቶ እንደኖረ ይነገራል።

ዋና ሥራው ኪታብ አል-መናዚር (የእይታ መጽሐፍ) ሰባት ክፍሎች አሉት። ቀደም ሲል ዩክሊድና ቶለሚ፣ የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ነው ብለው ነበር። ኢብን አል-ሀይሰም ግን ደማቅ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ አመልክቶ፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን ሲመጣ ነው አለ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝም በጨለማ ክፍል ውስጥ በሙከራ አሳየ።

ሆኖም የብርሃኑ መግባት ብቻውን በቂ አይደለም። የነገሮችን መጠንና ርቀት የምናውቀው አእምሮ ካለፈ ልምድ ጋር አነጻጽሮ ሲፈርድ ነው። ፍርዱ ፈጣን ስለሆነ አናስተውለውም፤ ሊሳሳትም ይችላል። ጨረቃ ከአድማስ አጠገብ ስትሆን ትልቅ የምትመስለን በዚሁ የተነሳ እንደሆነ አስረድቷል።

መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ታተመ። ሮጀር ቤከንና ኬፕለር ስለ እይታ ሲጽፉ በእርሱ ሥራ ላይ ተመሥርተዋል።