ፐብጂ ላይ የምታነሱት ኤስ1897 ከየት መጣ? የጆን ብራውኒንግ ሕይወት

ፐብጂ የምትጫወቱ ሁሉ ኤስ1897ን ታውቁታላችሁ። ከፓራሹት ወርደን የመጀመሪያውን ቤት በር ከፍተን ስንገባ ወለል ላይ ተጥሎ የምናገኘው ሾትጋን ነው። አብዛኞቻችን የተሻለ መሣሪያ እስክናገኝ ይዘነው እንቆይና እንጥለዋለን። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ግን ዝም ብሎ የተለጠፈ አይደለም። ዓመት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1897፣ አድዋ በሆነ በዓመቱ ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እዛው ጨዋታ ላይ ያለውን 1911 ሽጉጥም የሠራው ይሄው ሰው ነው፦ ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ። አገራችን ውስጥ አባቶች ብራውኒንግ ሲሉ የሽጉጥ ስም እንጂ የሰው ስም አይመስላቸውም፤ ነገር ግን ሰው ነበር።

የተወለደው ጥር 23 ቀን 1855 በአሜሪካ ዩታ፣ ኦግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። የሞርሞን እምነት ተከታይ ስለነበሩ ከአማኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ተሰደው ነው ዩታ የደረሱት። 3 ሚስቶችና 22 ልጆች ነበሯቸው። ጆን ያደገው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ልጅ መሀል፣ የአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ የተሰባበረ ብረት እየለቀመ ነው። መጫወቻው እሱ ነበር።

ቤተሰቡ እስከዛሬ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ጆን 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ የጣሉትን የአሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ አነሳ፣ ከእንጨት ሰደፍ ጠርቦ በሽቦ አሰረለት፣ ከዛ ከታናሽ ወንድሙ ከማት ጋር ወደ ሜዳ ወጣ። ጆን ያነጣጥራል፣ ማት በጫፉ እሳት ያለበትን እንጨት ባሩዱ ላይ ያስጠጋል። ቆቅ የሚያካክሉ የሜዳ ወፎችን መትተው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ አባትየው ወፉን እየበሉ ጠመንጃውን አገላብጠው አዩትና፣ ከዚህ የተሻለ ጠመንጃ መሥራት አይችል እንደሆነ ጠየቁት። በቃ፣ ምስጋና የለም። ጆን ወርክሾፕ ሄዶ ያንን ጠመንጃ ፈታው።

ይህ ታሪክ በጊዜ ብዛት የተወለወለ ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ወሬ እንዲህ ነው። ግን የሰውዬው ጠባይ በሕይወቱ ሙሉ እንዲሁ ነበር። የሠራውን አይወድም፣ ፈቶ የተሻለ ይሠራል። ኢንጂነሪንግ አልተማረም፤ ዲግሪም አልነበረውም። ትምህርቱን ያቆመው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው።

1879 ለጆን ከባድም ጥሩም ዓመት ነበር። በሚያዝያ ሬቸል የምትባል ልጅ አገባ። በሰኔ አባቱ ሞቱ። በጥቅምት ደግሞ ለመጀመሪያ ጠመንጃው የፈጠራ መብት ተሰጠው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ግን ጠንካራ ጠመንጃ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ኦግደን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍተው 600 ያህል ሠሩ። ከ600ዎቹ አንዱ ዞሮ ዞሮ የታወቀው የዊንቸስተር ፋብሪካ ሰዎች እጅ ገባ። በ1883 የፋብሪካው ኃላፊ ቤኔት እራሱ በባቡር አገሩን አቋርጦ ኦግደን ድረስ መጣ። ያገኘው ትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን የወንድማማቾች ሱቅ ነበር። በ8,000 ዶላር መብቱን ገዝቶ ተመለሰ። ለጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው።

እዚህች ላይ ቆም እንበል፤ ኋላ የሚመጣው ፀብ መነሻው ይሄ ውል ነው። ጆን መብቱን ሲሸጥ ሙሉ በሙሉ ነው የሸጠው። ከዛ በኋላ ጠመንጃው 10 ቢሸጥም ሚሊዮን ቢሸጥም ለእሱ የሚደርሰው የለም። ጠመንጃው ላይ የሚቀረጸውም ስም የእሱ አይደለም፣ የፋብሪካው ነው። በሚቀጥሉት 19 ዓመታት ለዊንቸስተር ከ40 በላይ ንድፎችን እንዲሁ ሸጠ። ፋብሪካው ያመረተው ጥቂቱን ነው። የቀረውን የገዛው ሌላ ድርጅት እጅ እንዳይገባ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፍበት ነው።

አሁን ወደ ሾትጋኑ። ሾትጋን ማለት በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ እርሳሶችን የሚበትን፣ በበረራ ላይ ላለ ወፍ የሚሆን መሣሪያ ነው። የዛን ጊዜ አዳኞች የሚይዙት ሁለት አፈሙዝ ያለውን ነበር፤ ሁለቴ ተኩሶ ያበቃል። ዊንቸስተር ብዙ ጥይት የሚጎርስ ሾትጋን እንዲሠራለት ጆንን ጠየቀው፤ ነገር ግን እንደ ታዋቂዎቹ የዊንቸስተር ጠመንጃዎች ከሥር ባለ የጣት ማንሻ እየተገለበጠ የሚያቀባብል እንዲሆን ፈለገ። ጆን ለሾትጋን የሚሻለው ፓምፕ ነው ቢልም አልሰሙትም፤ ለነሱ ማንሻው የድርጅቱ መለያ ነው። የታዘዘውን ሠራ፣ ሞዴል 1887 ተብሎ ወጣ። እሱ ራሱ በዛን ጊዜ ሥራውን ትቶ ለ2 ዓመት ጆርጂያ ውስጥ ለሃይማኖቱ እየሰበከ ነበር። የራሱን አዲስ ሾትጋን በሱቅ መስኮት ያየው እዛ፣ በመንገደኛ ልብሱ ሆኖ ነው ይባላል።

ፓምፑን እሱ ፈጠረው የሚሉ ልጥፎች አይተናል። ልክ አይደለም። ስፔንሰር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ በ1882 ፓምፕ ሾትጋን ሠርቶ ነበር። ብራውኒንግ ያደረገው የሚሠራና የሚበረክት ማድረጉን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ይደረደራሉ። የግራ እጅ የሚይዘው እንጨት ቱቦው ላይ ይንሸራተታል። ወደኋላ ሲሳብ ባዶው ቀልሃ ወጥቶ ይወድቃል፣ ወደፊት ሲገፋ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ቀኝ እጅ ከምላጩ አይነሳም፣ ዓይንም ከወፉ አይነቀልም። ማንሻ ቢሆን ኖሮ በየተኩሱ ቀኝ እጅ ቦታውን መልቀቅ ነበረበት። ለዚህ ነው ጆን ያልተስማማው።

በመጨረሻ ዊንቸስተር እሺ አለና ሞዴል 1893 ወጣ። ችግሩ በጥቁር ባሩድ የተሠራ መሆኑ ነበር፤ ዓለም ደግሞ ወደ ጭስ አልባው ኃይለኛ ባሩድ እየዞረ ነበር። 1893 ያንን ግፊት አልቻለውም። ጆን እንደልማዱ ፈታው። አካሉን አጠነከረ፣ ከላይ የተከፈተውን ዘጋ፣ ረዘም ላለ ጥይት አመቻቸው። ሞዴል 1897 የተባለው ይሄ ነው። እስከ 1957 ድረስ፣ 60 ዓመት ሙሉ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመረተ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህንን ጠመንጃ የሚሰበስቡ፣ ዘይት እየቀቡ የሚያስቀምጡ፣ ከአያታቸው የወረሱ ብዙ ናቸው። ለምን ይወዱታል? አንደኛ፣ ሁሉ ነገሩ ይታያል። መቺው መዶሻ እንደዛሬዎቹ ውስጥ አልተደበቀም፣ ከኋላ ቆሞ ይታያል። ስትስቡት ከውስጥ ያለው ብረት ወደኋላ ወጥቶ መዶሻውን አስተኝቶ ሲመለስ በዓይን ይታያል (አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ደግሞ በጣቱ ያየዋል፤ ይነክሳል)። ፕላስቲክ የለውም፣ ከብረት ተፈልፍሎ የተሠራና በእጅ የተገጣጠመ ነው። አብዛኛው ለሁለት ተፈትቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ድምፁስ? ያ ፊልም ላይ የምትሰሙት ክሽክ-ክሽክ።

ግን ባለቤት መሆን ጣጣም አለው። የጥይት መቆለፊያ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው ያለው ጥንቃቄ። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ ለዛሬ ጥይት ያጠሩ ናቸውና ባለሙያ ሳያየው አይተኮስም። 1893 እጁ ላይ ያለ ሰብሳቢማ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ በዘመኑ ጥይት አይሞክረውም።

ሌላም ነገር አለው፣ ታሪኩን ያጨለመው። ምላጩ እንደተሳበ ተይዞ ፓምፑ ብቻ ቢመላለስ በየምልልሱ ይተኩሳል። ለወፍ አደን ይሄ ምንም አይፈይድም። በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ግን ወታደሮቹ ጠባብ ምሽግ ውስጥ ሰው ለሰው ፊት ለፊት መጋጠም ነበረባቸው። ሠራዊቱ 1897ን አፈሙዙን አሳጥሮ፣ እጅ እንዳያቃጥል ቀዳዳ ያለው የብረት ሽፋንና ሳንጃ ገጥሞለት ላከው። በመስከረም 1918 ጀርመን በይፋ ተቃወመች፦ መሣሪያው ከልክ ያለፈ ስቃይ ያመጣል፣ ይዞት የተማረከ አሜሪካዊ ይገደላል አለች። አሜሪካም ሕጋዊ ነው፣ ወታደሮቼን ብትነኩ አጸፋ አለ ብላ መለሰች። ክርክሩ ሳይቋጭ ጦርነቱ በ2 ወር ውስጥ አለቀ። መርዝ ጋዝ በሁለቱም ወገን እየተረጨ በነበረበት ጦርነት ሾትጋን ላይ አቤቱታ መቅረቡ ይገርማል።

ብራውኒንግ ለዚህ ይጠየቃል? 1897ን ሲሸጠው ስለ ዳክዬና ስለ ቆቅ ነበር የሚያስበው፣ ከሸጠው በኋላም እጁ ላይ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ልንከራከርለት እንችላለን። ግን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ብንል ዋሸን። በዛው ጦርነት ለሠራዊቱ መትረየስና ቢ.ኤ.አር የተባለውን አውቶማቲክ ጠመንጃ የሠራው አውቆ፣ ለጦርነት ብሎ ነው። ልጁ ቫል መቶ አለቃ ሆኖ ያንን ቢ.ኤ.አር ፈረንሳይ ግንባር ላይ ተኩሶበታል። ከዛ በፊትም በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለበት ሽጉጥ፣ ጦርነቱን ሁሉ የለኮሰው ማለት ነው፣ የእሱ ንድፍ ነበር።

የሽጉጡን ነገር ካነሳን፣ ያ ሽጉጥ የተሠራው አሜሪካ ሳይሆን ቤልጅየም ነው። የ19 ዓመቱ ውል የፈረሰው ደግሞ በሾትጋን ነው። ጆን በተኩሱ ግፊት ብቻ፣ ያለ ፓምፕ፣ ራሱን የሚያቀባብል ሾትጋን ሠራ። ከሥራው ሁሉ የሚኮራበት ይሄ ነበር። በዚህኛው ግን አንገቴን አልደፋም አለ፦ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ላይ ድርሻ እፈልጋለሁ። በ1902 ቤኔት እምቢ አለው። ተነስቶ ወደ ተቀናቃኙ ሬሚንግተን ሄደ። የሬሚንግተን ፕሬዚዳንት ቢሮ በር ላይ ተቀምጦ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ፕሬዚዳንቱ በዛው ቀን በድንገት መሞታቸው ተነገረው። ሾትጋኑን ታቅፎ መርከብ ተሳፈረ፣ ኤርስታል ወደሚገኘው ኤፍ.ኤን ፋብሪካ። ተቀበሉት፣ ድርሻውንም ሰጡት፣ መሣሪያው ላይ ስሙንም ቀረጹለት።

ኤፍ.ኤን ለእኛም ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ቤልጅግ የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከቤልጅየም ነው፤ ፋብሪካው በንጉሡ ዘመን ለኢትዮጵያ ጠመንጃ አቅርቧል (ያ እንኳን የብራውኒንግ ሳይሆን የማውዘር ንድፍ ነበር)። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች ደግሞ በአሜሪካ መሣሪያ ነው የተዋጉት፣ የብራውኒንግ መትረየስና ቢ.ኤ.አር ጭምር።

ከዊንቸስተር ከተለየ በኋላም ፓምፕ አልተወም። ለስቲቨንስ አንድ፣ ኋላ ሬሚንግተን ሞዴል 17 ብሎ ያወጣውን ሌላ ሠራ። ይሄኛው ቀልሃውን ከጎን ሳይሆን ከሥር ነው የሚጥለው፤ ለግራኝም ለቀኝም ተኳሽ ይመቻል። የመብት ዘመኑ ሲያልቅ ኢታካ የሚባል ድርጅት ወስዶ ኢታካ 37 ብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት አመረተው።

በእርጅናው ዘመን እንኳን በኦግደንና በቤልጅየም መካከል መመላለሱን አላቆመም። የመጨረሻ ሥራው ያው ሾትጋን ነበር፣ ሁለት አፈሙዝ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረበት የወፍ አደን መሣሪያ። ከጦርነቱ ሁሉ በኋላ ወደ ወፉ ተመልሶ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1926 ኤፍ.ኤን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ደረቱን አመመው። ልጁ ቫል ቢሮ ውስጥ አጋደሙት፣ እዛው በ71 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች 128 ነበሩ።

አስከሬኑ ወደ ኦግደን ተመልሶ ተቀበረ። ያላለቀውን ሾትጋን ቫል ጨረሰው፣ በ1931 ገበያ ላይ ዋለ።