ዮሐንስ ኬፕለር (1571–1630)

ሳይንስ የሚያየውንና የሚለካውን ብቻ ስለሚቀበል እምነት አያስፈልገውም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነውን? የአንድ የከዋክብት ተመራማሪን ሕይወት እንመልከትና ራሳችሁ ፍረዱ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬፕለር በ1571 በጀርመን አገር ተወለደ። በልጅነቱ ፈንጣጣ ስለ ታመመ ዓይኑ ደካማ ሆነ። በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የተማረው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን በ1594 በግራትስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ።

ኬፕለር ምርምሩን ሳይጀምር ያመነው ነገር ነበር። እግዚአብሔር ዓለምን በሥርዓት እንደ ፈጠረ፣ የሰውም አእምሮ ያንን ሥርዓት ሊረዳ እንደሚችል ያምን ነበር። ይህን ለክቶ ያገኘው አይደለም፤ ለመመርመር የተነሣው ይህን ስላመነ ነው።

በ1600 ወደ ፕራግ ሄዶ የቲኮ ብራሄ ረዳት ሆነ። ቲኮ ያለ ቴሌስኮፕ የፕላኔቶችን ቦታ ለብዙ ዓመታት እየለካ መዝግቦ ነበር። በ1601 ሲሞት መዝገቡ ለኬፕለር ቀረ። ኬፕለር በእነዚያ ሌሊቶች አብሮት አልነበረም፤ የቲኮን ትጋት አምኖ ተቀበለ እንጂ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ የፕላኔቶች ጉዞ በክብ እንደሆነ ያስቡ ነበር፤ ኬፕለርም እንዲሁ። የማርስን መንገድ በክብ ለማስላት እጅግ ደከመ። ስሌቱ ከመዝገቡ ጋር ሊገጥም 8 ደቂቃ ብቻ ቀረው። ይህ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ ክብ 360 ዲግሪ ሲሆን አንዱ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል። 8 ደቂቃ ሙሉ ጨረቃ ከምትታይበት ስፋት ሩብ ያህል ነው። ቲኮ ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ኬፕለር ግን የደከመበትን ስሌት ጣለ። ቆይቶም የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን አገኘ፤ ይህንንም በ1609 በመጽሐፍ አወጣ።

ልጆች፣ እናንተም ሞክሩት። ሁለት ችካል ትከሉ፤ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ሰፋ ያለ ገመድ አጥልቁባቸው፤ ገመዱን በእንጨት ወጥራችሁ መሬቱን እየጫራችሁ ዙሩ። የሚወጣው ቅርጽ ሞላላ ነው። ፀሐይ የምትገኘው በአንዱ ችካል ቦታ ነው።

ኬፕለር በ1630 አረፈ። ዛሬም ማርስን በትክክል የሚለካ ሰው፣ አማኝ ሆነም አልሆነ፣ ያንኑ ሞላላ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ሳይንስ እውነትን ያሳያል። ዓለም ሥርዓት እንዳለው፣ ነገም እንደ ዛሬ እንደሚጸና ግን አስቀድሞ በሚዛን የመዘነ የለም፤ መዛኙ ይህን አምኖ ይነሣል። እንዲህ ያለው እምነት ከግትርነት ይለያል። ኬፕለር በዓለም ሥርዓት ታመነ፤ የራሱን ግምት ግን ለእውነት ሲል ተወ።

ጥያቄዎች
1. ኬፕለር ሳይለካ ያመነው ምንድን ነው?
2. ስለ 8 ደቂቃ ብሎ ስሌቱን ለምን ጣለ?
3. በእምነትና በግትርነት መካከል ያለውን ልዩነት ከሕይወታችሁ ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ።