ኤድዋርድ ጄነር፤ የሕፃናት ባለውለታ

ኤድዋርድ ጄነር እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1749 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በርክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የዚያው ሰበካ ቄስ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው አባትና እናቱ ስለ ሞቱበት ታላላቆቹ አሳደጉት።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ሕፃናትን የሚፈጅ፥ የተረፉትንም ዓይን የሚያጠፋና መልክ የሚያበላሽ መቅሠፍት ነበረ። መከላከያውም ከታመመ ሰው ቍስል መግል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ ሲሆን፥ ይህ ልማድ በኢትዮጵያም የታወቀ ነበረ። ሆኖም ከተከተቡት አንዳንዶቹ ይሞቱ፥ በሽታውም ከእነርሱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ጄነር ራሱ በስምንት ዓመቱ እንዲሁ ተከትቦ ብዙ ተሠቃየ።

ካደገ በኋላ በሎንዶን ከስመ ጥሩው ሐኪም ከጆን ሀንተር ዘንድ ተምሮ ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ። በዚያም ከላም ጡት የሚተላለፈው ቀላል ፈንጣጣ የያዘው ሰው ገዳዩ ፈንጣጣ እንደማይዘው ባላገሩ ይናገር ነበር። ጄነርም የባላገር ወሬ ነው ብሎ ሳይንቅ ነገሩን ብዙ ዓመት መረመረ። በሜይ 14 ቀን 1796 ዓ.ም. ሣራ ኔልምስ ከምትባል ላም አላቢ እጅ መግል ወስዶ ጄምስ ፊፕስ የሚባለውን የስምንት ዓመት የድኻ ልጅ ከተበ። በጁላይ ወር ደግሞ በእውነተኛው ፈንጣጣ ቢከትበው ልጁ አልታመመም። በሕፃን ሕይወት ላይ የተደረገ እንዲህ ያለ ፈተና በዛሬ ሕግ የሚፈቀድ አይደለም።

በማግሥቱ ዓመት ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ቢጽፍ ማስረጃው ጥቂት ነው ተብሎ ተመለሰለት። እርሱም ሳይቀየም ሌሎች ሕፃናትን ከትቦ፥ 23 ታሪኮች የያዘውን ምርመራውን በ1798 ዓ.ም. በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። ከሐኪሞችም ከቄሶችም የተቃወሙት ነበሩ፤ ሌሎች ቄሶች ግን በገዛ እጃቸው የሰበካቸውን ልጆች ከተቡ። ጄነርም በአትክልቱ ስፍራ ባለች ትንሽ ጎጆ ድኾችን ያለ ዋጋ ይከትብ ነበር። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1802 ዓ.ም. 10,000፥ በ1807 ዓ.ም. ደግሞ 20,000 ፓውንድ ሰጠው።

ጄነር አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል ብሎ ያምን ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሐኪሞች ግን የተከተቡትን ሰዎች ለብዙ ዘመን ተከታትለው፥ የክትባቱ ኀይል በዓመታት ብዛት እንደሚደክምና ዳግመኛ መከተብ እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ይህ እርማት ሥራውን አጸናው እንጂ አላፈረሰውም።

በ1823 ዓ.ም. ዐርፎ አባቱ ባገለገለበት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ፈንጣጣም በኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም.፥ በሶማልያ በ1977 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ በ1980 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከምድር ገጽ መጥፋቱን አስታወቀ። የባላገሩን ቃል ሰምቶ መመርመር፥ የተመረመረውንም ለድኻው ልጅ ያለ ዋጋ ማድረስ፥ ሕዝብን ለመጠበቅ ሹመት ወይም ክህነት የተቀበለ ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት ሊማረው የሚገባ ነው።