የቂሣርያው ባስልዮስና የድኾች ከተማ

ባስልዮስ የሚለው ስም ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚቀደሱት ዐሥራ አራት ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ስለ ምንኵስና ሥርዐት የጻፈውም ጽሑፍ በምሥራቅ ገዳማት ሁሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቅዳሴውና በትምህርቱ ነው እንጂ፥ በረኃብ ዘመን የባለጸጎችን ጐተራ ያስከፈተ፥ ሐኪም ቤት ያቆመ፥ ስለ ድኾች ቤት ግብር ከሒሳብ ሹሞች ጋራ የተጻጻፈ ሰው መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ የምንተርከው ይህኛውን ሥራውን ነው፤ ለሹምና ለነጋዴ ይልቁን የሚቀርበው ይህ ነውና።

ባስልዮስ የተወለደው በ330 ዓ.ም. ገደማ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አድርገናቸዋል።) ወላጆቹ በታናሽ እስያ፥ ማለት ዛሬ የቱርክ መንግሥት በሚገኝበት ምድር፥ በቀጶዶቅያና በጳንጦስ ሰፊ ርስት የነበራቸው ባለጸጎች ነበሩ። ነገር ግን ቤተሰቡ ሀብትን ብቻ ሳይሆን ችግርንም ያውቅ ነበር። ክርስቲያኖች በተሰደዱበት ዘመን የአባቱ ወላጆች ወደ ጳንጦስ ተራራ ሸሽተው ሰባት ዓመት ያህል በዱር ኖረዋል፤ የእናቱ አባት ደግሞ ሀብቱ ተወርሶ ተገድሏል። አያቱ ማክሪና ይህን ሁሉ ለልጅ ልጆቿ ትተርክላቸው ነበር። በዚህ ቤት ያደጉት ልጆች ሁሉም ለየራሳቸው የሚደነቁ ሆኑ። ታላቅ እኅቱ፥ እርሷም እንደ አያቷ ማክሪና የምትባለው፥ እናቷ ገረዶቿን እንደ እኩዮቿ አድርጋ አብራቸው እንድትኖር አሳመነቻት። ወንድሙ ናውክራጥዮስ ትምህርቱንና ክብሩን ትቶ በአንድ ወንዝ ዳር እየኖረ፥ አድኖ የሚያመጣውን ለችግረኞች ሽማግሌዎች ያበላ ነበር፤ ለዚሁ ሥራ ወጥቶ ሳለ በአደን ላይ ሞተ። እንግዲህ ባስልዮስ ኋላ በከተማ ያደረገው በጎ ሥራ መጀመሪያ በቤተሰቡ የታየ ነበር።

እርሱ ግን በወጣትነቱ ወደ ሌላ መንገድ ነበር የሄደው። በቂሣርያ፥ በቍስጥንጥንያ፥ በመጨረሻም በአቴና የንግግርን ጥበብና ፍልስፍናን ተማረ። በአቴና ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋራ የተወዳጀው ወዳጅነት በታሪክ የታወቀ ነው። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ በዕውቀቱ እጅግ ይመካ ስለ ነበር፥ እኅቱ ማክሪና ገሥጻ ወደ ልቡናው መለሰችው። ከዚያም ተጠምቆ የመነኮሳትን ኑሮ ለማየት ወደ ግብጽ፥ ወደ ፍልስጥኤም፥ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ተጓዘ። ከጉዞው ያተረፈው አንድ ዐሳብ ለሥራው ሁሉ መሠረት ሆነው። መናኝ ብቻውን በበረሃ ቢኖር የማንን እግር ያጥባል? ማንንስ ያበላል? ብሎ ጠየቀና፥ መነኮሳት በኅብረት ሆነው በሰው አቅራቢያ እየሠሩ እንዲኖሩ ሥርዐት አወጣ።

ባስልዮስ በቂሣርያ ቄስ ሆኖ ሲያገለግል፥ በ368 ወይም በ369 ዓ.ም. በቀጶዶቅያ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ክረምቱ በረዶም ዝናምም ሳይጥል አለፈ፤ ምድር ተሰነጣጠቀች፤ ምንጮች ደረቁ፤ የተዘራውም ሳይበቅል ቀረ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ስለዚህ ረኃብ ሲጽፍ ነጋዴ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባውን ነገር ተናግሯል። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ራብን ይችሉታል፤ ያላቸውን ሽጠው የሌላቸውን በመርከብ ያስመጣሉና። ከባሕር የራቀ ደጋ አገር ግን ትርፉን የሚሸጥበት፥ ጉድለቱንም የሚሞላበት መንገድ የለውም። በወደብ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ነገር ግልጥ ነው፤ አንዲት መርከብ በደረሰች ቀን የእህል ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ያውቃልና። በቂሣርያ ግን የምትጠበቅ መርከብ አልነበረችም። እህል ያለው በጥቂት ባለጸጎች ጐተራ ብቻ ነበር፤ እነርሱም ዋጋው ገና እስኪወደድ ድረስ በሩን ዘግተው ይጠብቁ ነበር።

በዚህ ጊዜ ባስልዮስ ያደረጋቸው ስብከቶች እስከ ዛሬ ተጽፈው ይገኛሉ። የሚሰብከው ስለ ሩቅ ነገር አልነበረም። በወንጌል የተነገረውን፥ ጐተራዬን አፍርሼ የሚበልጥ እሠራለሁ ያለውን ባለጸጋ ታሪክ አንሥቶ፥ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን የከተማውን ባለጸጎች ገሠጸ። አንድ አባት የቀረውን ለማብላት ሲል ከልጆቹ አንዱን ለመሸጥ ወደ ገበያ ሲወስድ ምን እንደሚያስብ ዘርዝሮ ተረከላቸው። የበኵሩን ልሽጥን? የታናሹን? መልኩ እኔን የሚመስለውን? ወይስ ትምህርት የሚወደውን? እያለ ሲያመነታ ያሳያቸዋል፤ ገዢው ግን በዚያ ሰዓት እንኳ ዋጋ ይከራከራል። በሌላ ስብከቱ ደግሞ የራብተኛ ሰውነት እንዴት እንደሚጠቁር፥ ዓይኑ እንዴት እንደሚሰረጕድ፥ ሆዱ ከጀርባው ጋራ እንዴት እንደሚጣበቅ እንደ ሐኪም እየገለጠ ተናገረ። ማዳን ሲችል እህሉን የቈለፈ ሰው ከነፍሰ ገዳይ እንደማይለይም በግልጥ አስታወቀ። በዚሁ ስብከት አንዲት የምታስቅም የምታሳዝንም ነገር አለች። ስለ ዝናም ምሕላ ሲታወጅ ታላላቆቹ ሰዎች በየንግዳቸው ላይ ቀርተው፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ከትምህርት ቤት ዕረፍት በማግኘታቸው የተደሰቱ ሕፃናት ነበሩ።

ባስልዮስ በመስበክ ብቻ አልቀረም። ከወላጆቹ የወረሰውን ርስት ሽጦ እህል ገዛ። የባለጸጎቹም ልብ ቀስ በቀስ ተነካና ጐተራዎቹ ተከፈቱ። ከዚያም ራብተኞቹን ወንዱንም ሴቱንም፥ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ ምግብ በየዓይነቱ ከሰው ሁሉ ተለመነ፤ በትልልቅ ድስት የጥራጥሬ ሾርባ ተቀቀለ፤ እርሱም ራሱ ሽርጥ ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋራ ያድል ጀመር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ ጻፈው የአይሁድ ልጆች እንኳ ከዚያ ማዕድ እኩል ይበሉ ነበር። በዚህ ወራት ወደ አንድ ወዳጁ ጳጳስ ለመሄድ አስቦ ሳለ፥ እደላው ያለ እርሱ እንደማይሆን አይቶ ጉዞውን ማስቀረቱን በደብዳቤ አስታውቋል። በጳንጦስም እኅቱ ማክሪና በየመንገዱ ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች ልጆች እያነሣች አሳደገቻቸው።

ስለ አራጣም የሰበከው ስብከት አለ። በዚያን ዘመን የመንግሥት ሕግ በወር ከመቶ አንድ ወለድ ይፈቅድ ነበር። ባስልዮስ አበዳሪውን አጥብቆ ቢወቅስም ተበዳሪውንም አልተወውም፤ ያለህን ሽጠህ ኑር እንጂ ወሩ በገባ ቍጥር የምትደነግጥበትን ዕዳ አትግባ እያለ ይመክረዋል።

በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ዘመኑ የሚያስጨንቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ ወደ አርዮሳውያን ያደላ ስለ ነበረ ጳጳሳቱን ሁሉ ወደዚያው ለመመለስ ያስገድድ ነበር። የምሥራቅ አገሮች የበላይ ሹም ሞደስጦስ ባስልዮስን አስጠርቶ ርስቱን እንደሚወርስ፥ እንደሚያሳድደው፥ እንደሚያሠቃየው፥ እንደሚገድለውም ዛተበት። ከአንድ ልብስና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር ምንም የሌለውን ሰው ግን በመውረስ ማስፈራራት አይቻልም። በጥር 372 ዓ.ም. ዋሌንስ ራሱ በጥምቀት በዓል ወደ ቂሣርያ ቤተ ክርስቲያን ገባና የሕዝቡን ሥርዐትና የሊቀ ጳጳሱን ጽናት አይቶ ተደነቀ። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ እንደሚለው፥ ንጉሡ ባስልዮስ ይጠብቃቸው ለነበሩት ድኾችና በሽተኞች ጥሩ ጥሩ መሬት ሰጠ። በሃይማኖት የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በድኾች ነገር መስማማታቸው የሚገርም ነው።

ይህ መሬት የተሰጠው ከከተማው ቅጥር ውጭ ለተጀመረው ሥራ ነበር። ባስልዮስ በረኃቡ ዘመን አንድ ነገር ተምሮ ነበር፤ ምጽዋት በልብ መነካት ብቻ ቢሰጥ፥ ልብ ሲቀዘቅዝ ይቀራል። ስለዚህ በሜዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰፈር ሠራ። በመካከሉ የጸሎት ቤት፥ በዙሪያው የካህናትና የአገልጋዮች ማደሪያ፥ የእንግዶች መቀበያ፥ የድኾች ቤትና የበሽተኞች ቤት ነበረ። ሐኪሞችና አስታማሚዎች ተመደቡ፤ መንገደኛን የሚያደርሱ የጭነት ከብቶችና መሪዎችም አልቀሩም። የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶችም ተጨመሩ። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ከዚህ በፊት ከከተማና ከገበያ፥ ከምንጭም እንኳ ሳይቀር ይባረሩ ነበር፤ ወላጅም ልጁን ያስወጣ ነበር። በዚህ ሰፈር ግን ማደሪያ አገኙ፤ የመኳንንት ልጅ የሆነው ሊቀ ጳጳስም ሰላምታ ሲሰጣቸው ይስማቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ሰፈሩን አዲስ ከተማ ብሎ ጠርቶታል፤ የባለጸጎች ትርፍ ብልም ሌባም በማይደርስበት የተከማቸበት ግምጃ ቤት መሆኑንም ተናግሯል።

በጎ ሥራ ግን ያለ ከሳሽ አይሠራም። አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ሕንጻ የመንግሥትን ሥራ ይጐዳል፤ ሊቀ ጳጳሱ ሌላ ከተማ እያቆመ ነው እያሉ ለአገረ ገዥው ለኤልያስ ነገሩት። ባስልዮስ የጻፈው መልስ ሹም ለሹም የሚጽፈው ዐይነት ነው። አልተቈጣም፤ ድኾችን ብቻ እያነሣ አላለቀሰም። ለእንግዳና ለበሽተኛ ቤት ብንሠራ ማን ይጐዳል? ብሎ ከጠየቀ በኋላ፥ ሕንጻው ከተማውን እንደሚያስጌጥ፥ አገረ ገዥውና ተከታዮቹም የሚያርፉበት ቤት እንደ ተዘጋጀ፥ ለአገሩ የሚደረግ ጥቅም ሁሉ ለገዥው ክብር እንደሚሆን ቍልጭ አድርጎ አስረዳ።

በየገጠሩም በረዳት ጳጳሳት የሚጠበቁ ታናናሽ የድኾች ቤቶች ነበሩ። ስለ እነዚህ ቤቶች ወደ ሒሳብ ሹሞች የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ጥያቄው አጭርና ቍርጥ ያለ ነው። ቤቱን መጥታችሁ እዩ፤ ያለው ንብረት የድኾች ነውና ከግብር ነፃ ይሁን የሚል ነው። ለሞደስጦስም፥ ያ የዛተበት ሹም፥ በጣውሮስ ተራራ ብረት እያወጡ ለሚኖሩት ድኾች ቀረጡ እንዲቀልላቸው ለምኖ ጽፏል። ከጠላትነት በኋላ በሰላም መጻጻፋቸው ለሁለቱም ምስጋና ነው።

በራሱ ወገን ላይ ደግሞ እጅግ ጥብቅ ነበር። ከረዳት ጳጳሳቱ አንዳንዶቹ ለክህነት ገንዘብ እንደሚቀበሉ፥ አንዳንዶቹም ከወታደርነት ለማምለጥ የሚሹትን ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መዝገብ እንደሚያስገቡ በሰማ ጊዜ፥ መዝገቡ ተመርምሮ እንዲመጣለት አዘዘ፤ ያልተገባው ሰው ሁሉ እንዲሰረዝም አደረገ። ምጽዋትንም ቢሆን ለጮኸ ሁሉ መስጠትን አልወደደም፤ በእውነት የተቸገረውን ልመናን ንግድ ካደረገው ለይቶ ማወቅ ልምድ ይፈልጋልና፥ ሰጪው ገንዘቡን ማደል ለተመደበለት ሰው ያስረክብ ይል ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ ባሏ የሞተባትን አንዲት የተከበረች ሴት ረዳቱን እንድታገባ ቢያስገድዳት ሸሽታ ወደ መቅደሱ ገባች። ባስልዮስም አሳልፌ አልሰጥም ስላለ ተከሶ ቀረበ። ይህን በሰሙ ጊዜ የከተማው ሕዝብ፥ ይልቁንም የመንግሥት የጦር መሣሪያ ሠራተኞችና ሸማኔዎች፥ ድንጋይና ችቦ ያገኙትንም ሁሉ ይዘው ተነሡ፤ ሴቶቹም መወርወሪያቸውን እንደ ጦር ያዙ። ዳኛው ተንቀጠቀጠ። ከሕዝቡ እጅ ያዳነው ራሱ ተከሳሹ ነበር።

ይሁን እንጂ ባስልዮስ ጕድለት አልነበረበትም አንልም። መንግሥት ቀጶዶቅያን ለሁለት በከፈለ ጊዜ የሥልጣኑ ወሰን እንዳይጠብበት ብሎ፥ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራማ የመንገደኞች ማረፊያ ላይ ያለ ፈቃዱ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ ይህን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። ስለ ድኾች እንዲህ የሚራራ ሰው የወዳጁን ልብ አለማየቱ ያሳዝናል።

ባስልዮስ ከወጣትነቱ ጀምሮ በሽተኛ ነበር፤ ጕበቱ ያመው ነበር፤ ጾሙም አድክሞት ነበር። ዕድሜው ኀምሳ ዓመት ያህል ሳለ፥ እንደ ተለመደው ታሪክ በጥር 1 ቀን 379 ዓ.ም. ዐረፈ። በቀብሩ ቀን ቤቱና አደባባዩ፥ ሰገነቱም ሁሉ በሰው ተሞላ፤ ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድና አረማውያንም አለቀሱ፤ ከግፊያው ብዛት የተነሣ የሞቱ ሰዎች ነበሩ።

የሠራው ሰፈር በስሙ ባስልያስ ተብሎ ከሞተ በኋላም ሥራውን ቀጠለ፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሶዞሜን ያነሣዋል። ስለ ከተማይቱ የመረመረው ዊልያም ራምዜይ የተባለው የታሪክ ሊቅ እንደሚያስረዳው፥ የቂሣርያ ሕዝብ ቀስ በቀስ አሮጌውን ከተማ እየተወ በዚሁ በድኾች ሰፈር ዙሪያ ተሰበሰበ። ዛሬ ካይሰሪ የምትባለው ከተማም ያለችው በጥንታዊቱ ቂሣርያ ላይ ሳይሆን ከእርሷ ጥቂት ርቃ በሜዳው ላይ ነው።