ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ከፋኖሱ በኋላ

ብዙዎቻችን ፍሎረንስ ናይቲንጌልን የምናውቃት ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር በሚያሳየው ሥዕል ነው። እኔ በዚህ እትም ማንሣት የፈለግሁት ግን ፋኖሱን ካስቀመጠች በኋላ የሠራችውን ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1820 ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው ከተወለደችበት የጣሊያን ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ማስታመም ለባለጸጋ ልጅ እንደ ውርደት ይቆጠር ስለነበር ቤተሰቧ ለዓመታት አልፈቀዱላትም።

በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትላ ኢስታንቡል ማዶ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። ሕሙማኑ በቅማልና በቆሻሻ ተውጠው በየኮሪደሩ ተኝተው ነበር። አንሶላ፣ ልብስ፣ ሳህን ሳይቀር ይጎድል ነበር። እሷም ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ የጎደለውን ገዛች፤ ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ አደራጀች።

ሞቱ ግን አልቀነሰም። በፌብሩዋሪ 1855 ከመቶ ሕሙማን ወደ 42 የሚጠጉት ሞቱ። በማርች ከእንግሊዝ የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን መጣ። ከሕንፃው ሥር የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ አስጠረገ፤ የውኃውን መስመር አጸዳ፤ ግድግዳውን በኖራ አስቀባ፤ አየር እንዲገባ አደረገ። በጁን ከመቶ የሚሞተው ወደ ሁለት ወረደ።

በ1856 አገሯ ስትመለስ ሕዝቡ እንደ ጀግና ነበር የጠበቃት። እሷ ግን ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊሊያም ፋር ጋር የሙታኑን መዝገብ መመርመር ጀመረች። አብዛኞቹን የገደለው ጥይት ሳይሆን መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ ነበር። ከሁሉ የከበዳት ደግሞ የራሷ ሆስፒታል ከጦር ግንባሩ ሆስፒታሎች የባሰ መሆኑ ነው። እዚያ ሳለች ወታደሮቹን የፈጃቸው የምግብና የልብስ እጦት ይመስላት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። በአተት ወረርሽኝ ጊዜ ለለጋሾች በጻፍኩት ሪፖርት ስንት ሳሙናና ስንት ጄሪካን እንዳከፋፈልን በዝርዝር አስቀምጫለሁ። ስንት ቤት እንደታመመ፣ ከእደላው በኋላ ሕመሙ ይቀንስ አይቀንስ ግን አልጻፍኩም። አልቆጠርንማ።

እሷ ቆጠረች፤ ያገኘችውንም አልደበቀችም። በየወሩ የሞቱትን በቀለም ለይታ፣ በሽታ የገደላቸውን በሰማያዊ፣ ቁስል የገደላቸውን በቀይ አድርጋ፣ ቁጥር ማንበብ የሚሰለቸው ባለሥልጣን እንኳ በአንድ እይታ እንዲረዳው ሥዕል አዘጋጀች። የጦሩ ሰፈሮችና ሆስፒታሎች እንዲሻሻሉም ወተወተች።

ከጦርነቱ የያዛት ሕመም ስላልለቀቃት አብዛኛውን ሥራ የሠራችው አልጋ ላይ ሆና ነው። በክብሯ በተሰበሰበው ገንዘብ በ1860 ለንደን ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሆስፒታሎች ሕሙማንን የሚመዘግቡበት አንድ ወጥ ቅጽም አዘጋጅታ ነበር።

በ1910 በ90 ዓመቷ አረፈች። ነገሥታት ከተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ቢሰጣትም ቤተሰቧ አልተቀበሉም፤ በገጠር ከወላጆቿ ጎን ተቀበረች። በሐውልቱ ላይ የሷ ሆኖ የተጻፈው የስሟ ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት፣ የተወለደችበትና ያረፈችበት ቀን ብቻ ነው።